ሻሽ ያሳሰረ ሳሙና

በዚያ ቤት ምግብ ጨው በዝቶበት ያውቃል፤ «ጨው በዝቶበታል» ተብሎ ግን አያውቅም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ምናልባት ሟቹ አባወራ ናቸው፣ ምናልባትም የሳቸው እናት። ብቻ ሰው ደክሞበት ያቀረበውን ነገር ማመስገን እንጂ ማጣጣል በዚያ ጣሪያ ሥር ነውር ነበር። ምራቲቱ ገና ሙሽራ ሳለች ከድንጋጤዋ የተነሳ ሾርባው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምራ አቀረበች። አማቷም፣ ባሏም፣ የባሏ እህትም ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው በልተው «እጅሽ ይባረክ» አሏት፤ ከዚያ ተራ በተራ ወደ ቧንቧው ሲመላለሱ አመሹ። እሷ ነገሩ የገባት በማግስቱ የተረፈውን ስትቀምስ ነው። እናቷ ቤት ለትንሽ ጥፋት ቀኑን ሙሉ ይነጫነጩባት ነበርና «እንዲህ ያለ ቤት የጣለኝ ጌታ ይመስገን» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው፣ ደግ ቤት ነው። ግን ደግነትም እንደ ጨው ልክ አለው፤ ይህን ያስተማራቸው ደግሞ ሳሙና ነው።

ነገሩ የጀመረው ምራቲቱ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲዘጋ ነው። ወሬኛና ሳቂታ የነበረችው ሴት ድንገት ዝም አለች። ጠዋት ባሏ መካኒኩ ወደ ጋራዥ፣ የባሏ እህት «ትንሿ» ደግሞ ገንዘብ ተቀባይ ወደሆነችበት ፋርማሲ ሲሄዱ፣ እሷ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ማታ ሲመለሱም እዚያው ያገኟታል። አማቷ፣ በቤቱም በሰፈሩም «እማማ» የሚባሉት፣ ሻይ አፍልተው አጠገቧ ያስቀምጣሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እማማ አንስተው ሌላ ያመጣሉ፤ እሱም ይቀዘቅዛል። ምንም አይሏትም። ምን ይበሏት?

ከመስኮቱ ያስነሳት አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሳሙና መሥራት ያስተማረቻት እሷ ናት። ምራቲቱ በጓሮው፣ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ ጠረጴዛ ዘረጋች። የጉሎ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ የወይራ ዘይት እየመዘነች ታሞቃለች፤ ጓንትና መነጽር አድርጋ ኮስቲክ ሶዳውን፣ ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠውን፣ በዝናብ ውኃ ትበጠብጣለች፤ አዋህዳ እስኪወፍር ታማስልና የሮዝመሪ ሽቶ ጠብ አድርጋበት በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ሲጠነክር በሽቦ ቆራርጣ መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ታደርቀዋለች። በዚያ ሁሉ መሀል ታንጎራጉራለች። የመጀመሪያው ቀን ዜማዋ በጓሮው በር ሲገባ እማማ የያዙትን ማንኪያ አስቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ይህን ያየ የለም።

ከሳሙናው ሁሉ የምትኮራበት የጸጉር ሳሙና ነው። በራሷ ላይ ሞከረችው። ጓሮ እንደቆመች ከበርሜሉ እየቀዳች ታጠበች፤ ጸጉሯ ሲደርቅ ከላባ ቀለለ። ድሮም ጸጉሯን ከውኃና ከተራ ሳሙና ሌላ ነገር አስነክታው አታውቅም፤ ይህን ግን ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በደስታ ተሞልታ መታጠቢያ ቤት ገባችና የሻምፖውን፣ የኮንዲሽነሩን፣ የሚያብለጨልጨውን ቅባት ጠርሙስ ሁሉ በካርቶን ሰብስባ አወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው!» ብላ ለሦስቱም አንድ አንድ ሳሙና አደለች።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ እማማ።

«እንዴት ደስ የሚል ሽታ!» አለች ትንሿ።

መካኒኩም አሽትቶ «ይበላል እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው።

የመጀመሪያው ሰሞን ደህና ነበር። ሲሰነብት ግን የእማማ ጸጉር ከበደ። ታጥበው ሲያደርቁት የደረቀ አይመስልም፤ ሲዳስሱት ሻማ የዳሰሱ ያህል ይይዛል። ማበጠሪያውን ሲያወጡት ጥርሱ መሀል ግራጫ ጭቃ ተጠቅጥቋል። እማማ በጸጉራቸው የሚቀልዱ ሴት አይደሉም፤ በወጣትነታቸው ባላቸው የመረጧቸው በጸጉራቸው እንደሆነ ራሳቸው ሳያፍሩ ይናገራሉ። ማበጠሪያውን በሶፍት ጠራርገው መሳቢያ ውስጥ ደበቁና ሻሽ አሠሩ። ትንሿም በማግስቱ አበባ ያለበት ሻሽ አሠረች። መካኒኩ ግን የወንድ መላ አያጣምና አንድ ቀን ጭንቅላቱን ላጭቶ፣ እንደ እንቁላል እያበራ ገባ።

«ምነው?» አለችው ሚስቱ።

«ጋራዡ ሙቀቱ አይቻልም» አላት። ሰሞኑ ብርድ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ምራቲቱ ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም ሻሹን ፋሽን ነው ብላ ለራሷም አንድ ልትገዛ አስባ ነበር። «እማማ፣ ሳሙናው እንዴት ነው?» ባለች ቁጥር መልሱ ያው ነው። «ተባረኪ ልጄ! ምን የመሰለ ሳሙና!» እሷም ይህን ሰምታ ወደ ጓሮ ወጥታ ሌላ ታማስላለች።

እንዲህ እያለች ነው መንገዱ ጥግ ካለችው ጸጉር ሠሪ ዘንድ የሄደችው። ጸጉር ሠሪዋ እጇም ምላሷም ፈጣን ሴት ናት፤ ቤቷም ደንበኛ አያጣም። ሳሙናውን አገላብጣ አየች፣ አሸተተች፣ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው።

«ሽታው ግሩም ነው። ግን በሰው ራስ ቀልድ የለም እህቴ። ካንቺ ሌላ በዚህ ሳሙና የከረመ ጸጉር አምጪልኝ፣ በእጄ ልዳስሰው። እጄ ከወደደው እዚሁ እያጠብኩበት እሸጥልሻለሁ።»

«ከርሞ አይደል እንዴ! አማቴ ስንት ጊዜ ታጥበውበታል፤ በየቀኑ እየመረቁኝ ነው!»

«በቃ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ።»

ይህ ቅዳሜ ለምራቲቱ ተራ ቅዳሜ አልነበረም። በሌላ ከተማ ያለ የስፌት ፋብሪካ ክፍት የሥራ ቦታ እንዳለው ነግሯት መልሷን እየጠበቀ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እዚያ ከገባች ባሏንና ይህን ቤት የምታየው በዓመት ፈቃድ ብቻ ነው። ከባሏ ጋር ተመካክረው፣ ሳሙናው ገዢ ካገኘ ትቀራለች፣ ካላገኘ ትሄዳለች ተባብለዋል። ሳሙናዋን ይዛ የዞረችባቸው ሱቆች አንድ በአንድ መልሰዋታል። የቀረው የጸጉር ሠሪዋ በር ነበር።

ማታ ራት ላይ የምሥራቹን ነገረቻቸው። ማንኪያዎች ሁሉ ባሉበት ቀሩ።

«እኔ አሮጊት ምን አለኝና... ትንሿ ትሂድ እንጂ» አሉ እማማ ሻሻቸውን እያጠባበቁ።

«እኔማ ቅዳሜ ሥራ ገቢ ነኝ» አለች ትንሿ በጥድፊያ።

ሁሉም ወደ መካኒኩ ዞሩ። መካኒኩ ራሰ በራውን ዳሰሰና «እኔስ ምን ይዤ ልሂድ?» አለ።

ምራቲቱ ትንሽ ቅር አላት። እማማ ፊቷን አዩ። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ጥርስ ለማስነቀል የቀጠሮ ቀን የተነገረው ሰው ድምፅ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ምራቲቱ ዘይት ልትገዛ ወጣች። ሱቁን ዝግ ሆኖ አገኘችውና ቶሎ ተመለሰች። በሩን ከፍታ ስትገባ ከመታጠቢያ ቤት የሹክሹክታ ጠብ ሰማች።

«ቀስ በይ፣ ቆዳዬን ላጥሽው እኮ!»

«እማዬ፣ ቀስ ብዬ አይለቅም! የድስት ቅባት ያስለቅቃል፣ ይሄን ግን እንቢ አለው!»

ምራቲቱ በሩን ገፋ አደረገችው። እማማ ገንዳው ላይ አጎንብሰዋል። ትንሿ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ የሳህን ማጠቢያውን ፈሳሽ፣ በሌላው የድስት መፈግፈጊያ ስፖንጅ ይዛ የእናቷን ጭንቅላት እየፈገፈገች ነው። ሻሹ ወለሉ ላይ ወድቋል። ያ በሰፈሩ ሁሉ የተመሰከረለት ጸጉር አንድ ላይ ተጣብቆ፣ ዘይት የጠጣ የጋራዥ ጨርቅ መስሎ ይንጠባጠባል።

 አረፋው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ትንሿ ስፖንጁን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«እማማ» አለች ምራቲቱ። «ይሄ... ከሳሙናዬ ነው?»

እማማ ቀና አሉ። ውኃው በአንገታቸው እየወረደ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ እርጅናም ነው...»

«ከሳሙናዬ ነው?»

«አዎ» አለች ትንሿ። ሻሿን ፈታ አሳየቻት። እሷም ያው ናት። «ወንድሜም ለሙቀት ብሎ አይደለም የተላጨው።»

ምራቲቱ ወደ ማዕድ ቤት ሄዳ ተቀመጠች። በቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ መክረሟ፣ በዚያ ላይ በየቀኑ መመረቋ፣ እንደ ጥፊ አቃጠላት። እማማ ፎጣ ጠምጥመው ተከትለዋት ገቡ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው፤ ድምፅ አውጥታ እያለቀሰች። «ነገ እኮ ሰው ፊት ልወስድዎት ነበር! ያቺ ሴት ሳትጠይቀኝ ተቀብላኝ ቢሆን ስንቱን ሰው ሻሽ አሳስር ነበር? በምስጋና ልትገድሉኝ ነበር እኮ!»

«ያኔ መስኮቱ ሥር ስትቀመጪ» አሉ እማማ ቀስ ብለው፣ «ሻይሽን እየቀያየርኩ አለቅስ ነበር። ያቺ ልጅ ዳግመኛ የምትናገር አልመሰለኝም። ከዚያ አንድ ቀን ጓሮ ሆነሽ ስታንጎራጉሪ ሰማሁ። ለጸጉር ብዬ ነው ያን ዜማ የማቋርጠው? ይብላኝ ለጸጉሬ! መላጣ ብሆንስ?»

 ምራቲቱ ተናዳለች፤ መናደዷ ግን እየቀለጠባት ነው። በሕይወቷ እንዲህ የወደዳት ሰው መኖሩን እንዲህ ባለ አሳፋሪ መንገድ ታውቃለች ብላ አላሰበችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እማማ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቢነግሩኝ ኖሮ እፈልግለት ነበር።»

እማማ ሲያፍሩ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሱና ኮምጣጤ ጨምረውበት ማወዛወዝ ጀመሩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያጸዱት።  ምራቲቱ ድንገት ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻቸው። ሆዱ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ኮምጣጤው የነካው ቦታ እየተላጠ ነው።

«ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«የቧንቧው ውኃ ነዋ። ኖራ አለበት፤ ስንት ዓመቱ!»

«እናንተ የምትታጠቡት በዚህ ነው፤ እኔ ግን በበርሜሉ የዝናብ ውኃ» አለች ምራቲቱ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ሳሙናዋ ከዚህ ውኃ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ቅርፊት ሆኖ ጸጉር ላይ ይቀር ይሆን? ታዲያ ኮምጣጤው ማንቆርቆሪያውን ካጸዳ... ሐሳቧን አልጨረሰችውም። ፋብሪካው ትዝ አላት፣ ቅዳሜም። «ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። እንደዋሸሁ ከምቀር በቃኝ ብትለኝ ይሻላል።»

«ብቻሽን አትሄጂም» አሉ እማማ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። ምራቲቱ በአንድ እጇ ሳሙናውን፣ በሌላው የዝናብ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዛለች፤ እማማ በቦርሳቸው የኮምጣጤ ጠርሙስ ሸጉጠዋል። ጸጉር ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ምራቲቱ ከበሩ ሳትርቅ፣ ድፍረቷ ሳይከዳት ተናገረች።

«ያልኩሽ ልክ አልነበረም። እኔም አላወቅኩም። ሳሙናዬ ለኔ ተስማማኝ እንጂ ለሳቸው አልሆነም።»

እማማ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ያን ሁሉ ሴት ፊት፣ ሻሻቸውን ፈቱ። እኒያ ማበጠሪያቸውን እንኳ መሳቢያ ውስጥ የደበቁት ሴት። አንዷ ደንበኛ አፏን በመጽሔት ሸፈነች። እማማ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ።

ጸጉር ሠሪዋ ጣቶቿን አስገብታ ዳሰሰች። ፊቷ አልተቋጠረም፤ እንዲያውም ሳቀች።

«ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉሻል ይሄ ነው! በፊት በምን ነበር የሚታጠቡት፣ እናቴ? የሚያብለጨልጭ ነገር ይቀቡ ነበር?»

«ዕድሜ ልኬን!»

«እህ! እሱ እኮ ታጥቦ አልወጣም፤ ጸጉሩ ላይ ተደርቦ ቀርቷል። ግድግዳ የሚቀባ ሰው መጀመሪያ የድሮውን ቀለም ይፍቃል። አንቺ ግን አሮጌው ላይ ለቀለቅሽው። ሳሙናሽ ምን ያድርግ? በዚያ ላይ የሰፈራችን ውኃ!»

«ውኃውንስ ደርሼበታለሁ» አለች ምራቲቱ፤ ጀሪካኑንም ኮምጣጤውንም አሳየቻት።

ጸጉር ሠሪዋ አየቻት። መጀመሪያ ጀሪካኑን፣ ከዚያ እሷን። «እንግዲያው ሥራ እንጀምራ» አለች።

የተደራረበ ቅባት የሚያስለቅቅ ጠንከር ያለ ሻምፖ ከመደርደሪያዋ አወረደች። አጠበች፣ አለቀለቀች፣ ደግማ አጠበች። ወደ ገንዳው የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ የደፈረሰ ነበር፣ ቀስ በቀስ ጠራ። «ይሄ አንዴ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜ ካደረጉት ጸጉር ያደርቃል» አለች። ከዚያ ወደ ኋላ አለችና «አሁን ያንቺ ተራ ነው» አለቻት።

ምራቲቱ ሳሙናዋን በእጇ አሽታ አረፋ አውጥታ ወደ እማማ ራስ ጎነበሰች። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረው የእማማን ራስ ነክታ አታውቅም። ትንሽ ራስ ነው፤ ከጆሯቸው ጀርባ ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን የሳሳ ነው። በጣቶቿ ጫፍ ቀስ እያለች አሸች። ለዚያ ሁሉ ሻይ፣ ለዚያ ሁሉ ዝምታ፣ ለዚያች ሻሽ እንኳ፣ በቃል ያላለችውን ምስጋና በጣቷ አለችው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሰይ» አሉ፤ ይህ ግን ለይሉኝታ የተባለ አልነበረም። በዝናቡ ውኃ አለቀለቀችላቸው፤ በመጨረሻም ኮምጣጤውን በብዙ ውኃ አቅጥና አፈሰሰችበት።

«ሰላጣ አደረግሽኝ» አሉ እማማ፣ ጸጉር ቤቱም በሳቅ ሞላ።

ሲደርቅ ነጭ ሆኖ፣ ለብቻ ለብቻው ተለያይቶ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ጸጉር ሠሪዋ ጣቷን ከሥር እስከ ጫፍ ሰደደችው፤ የትም አልያዛትም። አፏን በመጽሔት ሸፍና የነበረችው ደንበኛ መጽሔቱን አስቀምጣ «እኔም በዚህ ልታጠብ እችላለሁ?» አለች።

«መጀመሪያ ይፋቅልሻል!» አለቻት ጸጉር ሠሪዋ። ከዚያ ወደ ምራቲቱ ዞረች። «እወስደዋለሁ። ግን ለያንዳንዱ ደንበኛ ይሄን ሳትነግሪ አንድም ሳሙና አትሸጪም። የሚታጠቡበትንም ውኃ ትጠይቂያለሽ። ተስማማን?»

ምራቲቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እማማ ሻሻቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ራሳቸውን ገልጠው ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ ነፋሱ ጸጉራቸውን ፊታቸው ላይ በበተነው ቁጥር፣ ለመሰብሰብ አይቸኩሉም ነበር።

ያን ቀን ምራቲቱ ለፋብሪካው ደውላ አመስግና እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ትንሿንም አጠበቻት። ለመካኒኩ የሚደረግለት ነገር አልነበረምና ራሱን ስማው ብቻ አለፈች። ከዚያ በደስታ እየተንሳፈፈች፣ እያንጎራጎረች፣ ሾርባ ሠርታ አቀረበች።

መካኒኩ አንድ ማንኪያ ጎርሶ ዓይኑ ፈጠጠና ዋጠው። «እጅሽ ይባረክ» አለ። ትንሿም ዋጠች፤ «ይጣፍጣል» አለችና ወደ ቧንቧው አየች።

እማማ ቀመሱ። ማንኪያቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። አፋቸውን ጠረጉ። በዚያ ቤት እስከዚያች ቀን ያልተባለውን ነገር ለማለት ሲዘጋጁ ጆሯቸው ቀላ።

«ልጄ» አሉ፣ «ጨው በዝቶበታል።»

መካኒኩ ደነገጠ። ትንሿ እናቷን የማታውቃቸው ይመስል አፍጥጣ ቀረች። ምራቲቱ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሳቅ ሄደ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች። ሳህናቸውን ተቀብላ ወደ ምድጃው መለሰችና ውኃ ጨመረችበት።